ሠርካዲስ ንባብ የተማረችበት ፍልሰታ

የተማረ ሰው እየተለቀመ በሚወሰድበት ዘመን ልጅን ማስተማር ማዳን ነው ወይስ ለአራጅ ማሳየት? ወይዘሮ ወለተሰንበት ይህን ጥያቄ ሲያወጡ ሲያወርዱ ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው፤ መልስ ግን አላገኙለትም። አንድ ልጃቸው ተሰማ በጽሕፈት ሥራ ይተዳደር ነበርና፣ በየካቲቱ እልቂት ማግስት ጣሊያኖች ጠርተውት ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። እሳቸውም መጻሕፍቱን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተቱ። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ሠርካዲስ እሳቸው ዘንድ ቀርታለች፤ ለእሷ አንድ ዳዊት ብቻ አተረፉላት። ዳዊት ማንንም አላስገደለም ብለው ነው።

በሐምሌ መጨረሻ ልደታን ተሳልመው ሲወጡ ዶፍ ዝናብ ያዛቸውና ከልጅቷ ጋር ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠጉ። እዚያው አንድ ጭቃ በጭቃ የሆነ ወጣት ተጠልሎ ነበር። ፍሰሐ ነው። ጣሊያን ሳይገባ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ዛሬ የሰው ግድግዳ እየመረገ ይኖራል። ፊደል ታውቃለህ ወይ የሚለው ሰው ቢመጣ፣ "ኧረ የት አውቄ" ነው መልሱ።

ሠርካዲስ ዳዊቷን ከማኅደሩ አውጥታ ስታነበንብ ሰማትና መደበቁን ረስቶ አመሰገናት። ቀጥሎ ከገጹ መካከል ጣቱን አኑሮ፣ "እስቲ ከዚህ" አላት። ልጅቷ ወደ መዝሙሩ ራስ ተመለሰችና እንደ ፈረስ እየጋለበች ወርዳ ጣቱ ካለበት ደረሰች። ሌላ መስመር አሳያት፤ አሁንም ከራሱ ጀመረች።

"እማማ፣ ይህ ንባብ አይደለም፤ በቃል የተያዘ ነው" አለ ፍሰሐ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምን ጎደላት? እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎስ አይተውት የማያውቁትን ወረቀት ያነባሉ?"

ወይዘሮዋ ተቆጡ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ደብዳቤ ሲመጣላቸው ያነብላቸው የነበረው ተሰማ ነበር።

ፍሰሐ እንዲህ ሲል ተረከላቸው። ከጦርነቱ በፊት ከመንግሥት የተላኩ ተቆጣጣሪዎች እሱ ወደሚያስተምርበት ክፍል መጡ። አርባውም ልጆች ዳዊት የጨረሱ ነበሩ። እንግዶቹ ግን ማንም ያላየውን ገጽ ዘረጉላቸው፤ ያነበቡት ስድስት ብቻ ሆኑ። አንዳንዱ መምህር አባቶቻችን ተናቁ ብሎ አኮረፈ። ትእዛዙ ግን ጸና፦ ፊደሉን አደበላልቆ ማስጠናት፣ በየቀኑ አዲስ ጽሑፍ ማቅረብ፣ ምን ይላል ብሎ ሳይጠይቁ አለማለፍ። ዓመቱ ሳያልቅ ሠላሳ አንዱ አነበቡ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በሩ ተዘጋ።

"ጣሊያኖቹ የከፈቱት ትምህርት ቤትስ?" አሉ ወለተሰንበት።

"እዚያማ ለባንዲራቸው ሰላምታ መስጠትና ጥቂት ቁጥር ነው። ትምህርቱ ዝቅ ያለው መምህር ጠፍቶ አይደለም እማማ፣ ዝቅ እንዲል ተፈልጎ ነው።"

"ቀስ በል፣ ግንቡም ይሰማል። ልጄን ያስወሰደው ንባቡ ነው፤ ይቺን ልጨምርላቸው?"

"የወሰዱት ማንበቡን ፈርተው ነው። ጠላት የሚፈራውን ነገር ደግሞ እኛ ባንጥለው ይሻላል።"

ዝናቡ አባራ፤ ሳይስማሙ ተለያዩ።

የፍልሰታ ጾም በገባ ዕለት የጣሊያኖች አስተርጓሚ የሆነው የሰፈሩ ሰው ነጋ ወረቀት ይዞ መጣ። "እሜቴ፣ የቤት ቆጠራ ነው፤ አውራ ጣትዎን እዚህ ይጫኑልኝ" ብሎ ቀለሙን አቀረበ። ወለተሰንበት ወረቀቱን ለሠርካዲስ ሰጧት። ልጅቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ሲያያዙ ግን ጠፉባት። በድንጋጤ ዳዊቷን ከመጀመሪያው መዝሙር ታነበንብ ጀመር።

ነጋ ሳቀ። "ጎበዝ! እንግዲህ ሰይጣኑም ሸሽቷል፤ ይጫኑ።"

አያትየው የሚያነብላቸው ሰው በሐሳባቸው ፈለጉ። ፍሰሐን ማስጠራት የሰው ልጅ ለገመድ ማቀበል ነው። ድንገት ጾሙ ትዝ አላቸው። "አቶ ነጋ፣ ሱባኤ ገብቻለሁ። ፍልሰታ እስክትፈታ ቃል አልሰጥም፣ ጣትም አልነክርም።" ነጋም እመቤታችንን ይፈራልና ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

በማግስቱ ወለተሰንበት አብነት ሰፈር ድረስ በእግራቸው ወርደው ፍሰሐን ከሥራው አገኙት። የቤቴን የውስጥ ግድግዳ መርግልኝ አሉት፤ ነገሩ ገባው። በእርጥቡ ጭቃ ላይ ለሠርካዲስ በጣቱ ይጽፍላታል፦ እንስራ፣ ቁልፍ፣ ጎረቤት። የሰው ኮቴ ሲሰማ በመዳፉ ይደመስሰዋል። ወለተሰንበት ደጃፍ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወጥተው መንገዱን ያያሉ። ጭቃው ሲደርቅ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከምትነግደው ከሀሚዳ ሱቅ ጨው የተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ንባብ ሆነ። በአሥረኛው ቀን ፍሰሐ ከመካከል አንድ ቦታ ነካላት።

"ምን ይላል?"

"ጠፍታ የቀረች በቅሎ ያገኘ ሰው ይምጣ ይላል" አለችና ሳቀች። ከራሱ አልጀመረችም። አያቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ነጋ መጣ። ፍሰሐ ያን ቀን በሰፈሩ ዝር እንዳይል ወለተሰንበት ነግረውታል። ጎረቤታቸው ዲንቄ ግን እንኳን አደረሰዎ ልትል ገብታ ተቀምጣለች።

"ዓይኔ ደክሟል፤ ልጅቷ ታሰማኝ" አሉ ወለተሰንበት።

"ያንኑ መዝሙር?" ብሎ እየሳቀ ሰጣት።

ሠርካዲስ ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች። "ልጄ... ተሰማ... ስለ ሸፈተ... ወራሽ የለኝም። ቤቴንና... ግቢዬን... ለአቶ ነጋ... በፈቃዴ... ለቅቄያለሁ።"

ዲንቄ አማተበች። ወለተሰንበት ሁለቱንም እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። "አላትምም አቶ ነጋ። ወራሽማ አለችኝ፤ አሁን ያነበበችልዎት።"

በቃል የተያዘ መዝሙር ለጸሎት ይበጃል፤ ቤትን የሚጠብቀው ግን ያላዩትን ጽሑፍ ገልጦ ምን ይላል ማለት ነው። የማያነብ ሰው በሌላው ምላስ ያድራል፤ ያ ምላስ ሲዋሽ ከቤቱ የሚወጣው እሱ ነው። ስለዚህ ልጁን የሚወድ ሰው መዝሙሩን አስጨርሶ አይቁም፤ አዲስ ገጽ ይዘርጋለት። ወለተሰንበት ይህን የተረዱት በዚያች ሰዓት ነው። ፍርሃታቸው ግን አልለቀቃቸውም።

ነጋ ወረቀቱን ከልጅቷ እጅ ተቀብሎ አራት አጠፈው። ትኩር ብሎ አያት። ማን አስተማራት ሊል ነው ብለው አያትየው በመካከላቸው ገቡ። እሱ ግን ምስክር ሆና የተቀመጠችውን ዲንቄን አየ፤ ባርኔጣውን ደፋ፣ መድረኩን ተሻግሮ ወጣ።