የሐዊ መልስ

— ሄሎ... አዎ፣ ዙቤዳ ነኝ፣ የሙቢና እናት... አቶ ነህምያ? ርእሰ መምህሩ? ይቅርታ፣ ቁጥርዎን አልያዝኩትም።

— ማንን አገዳችሁ?... ሄሎ፣ ይሰሙኛል? መምህር ሌዊን?

— በእኔ አቤቱታ? እኔ ያባርሩት አልኩ? ቆይ፣ ተስፋነሽ፣ አትሂጂ፣ ጉድ ስሚ። የግብረ ገብ መምህሩን አግደውታል። በእኔ ስም።

— አዎ፣ ሰኞ ጮኼያለሁ። የትምህርት ቤቱ ግቢ በሙሉ ሰምቷል። የጮኽኩት ግን በጥያቄው አይደለም፣ በመልሱ ነው።

— አውቃለሁ ምን እንደጠየቀ። ሰርግ ላይ ለሙስሊምና ለክርስቲያን ለየብቻ የሚታረደው ለምንድነው አለ። ሙቢና ስለ ክርስቲያኖቹ ትመልስ፣ ሐዊ ስለ እኛ ስለ ሙስሊሞቹ። ከዚያ የሐዊን ሙቢና ታርማለች፣ የሙቢናን ሐዊ... ሐዊ ምን ብላ ጻፈች? «ስለሚጸየፉን»። የተስፋነሽ ልጅ። እኔ ቤት ያደገች ልጅ፣ አቶ ነህምያ።

— እሱማ ያናድዳል። በማን ልናደድ ግን? ልጅቷ ይህን በሆዷ ይዛ ስንት ዓመት ቤቴ ገብታ ወጣች። ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋት። ጠይቆ ያወጣው እሱ ነው። እርስዎ ጠያቂውን አባረሩና መልሱን እዚያው ሆዷ ውስጥ ተዉላት።

— ሃይማኖት ትምህርት ቤት አይገባም? ልጆቹስ፣ በር ላይ ለዘበኛው ሰጥተውት ነው የሚገቡት?

— በእሱ ፈንታ ምን ልታስተምሩ?... እ። «መቻቻል መልካም ነው»። ሐዊም ትጽፈዋለች፣ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ። አስር ከአስር ታገኛለች። ከዚያስ? መጸየፉ የት ሄደ?... ይቅርታ፣ ገዢ ገባች... እህቴ፣ ሻርፑን ሞክሪው፣ መጣሁ።

— አልጮኽኩም... እሺ፣ ጮኼያለሁ።

— ተስፋነሽማ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ናት። ከሰኞ ጀምሮ ፊቴን ማየት አቅቷት ዛሬ ገና መምጣቷ ነው... ሂን ቦኢን፣ ተስፋነሽ። አታልቅሺ ብያለሁ።

— ነገ ጠዋት የእሱ ክፍለ ጊዜ ነው አይደል? ሁለታችንም እንመጣለን። ሐዊ እኔው ፊት እንደገና ትመልሳለች... እሱ ከሌለ ማን ሊጠይቃት ነው? እርስዎ? እርስዎማ ፈሩ። በእኔ ስም ካስወጡት በእኔ ስም ይመልሱት።

— ሄሎ?... አለሁ፣ እሰማለሁ።

— ልክ የሆነው መልስ?

— እሱን ክፍል ውስጥ ነው የምናገረው። መምህሩ ሲጠይቀኝ። ቻው።