የኩሬው ኮሶ

ቡሬ አጠገብ አያ አለነ የሚባሉ ገበሬ ከጓሯቸው ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ያረባሉ። የዓሣ ባለሙያ ስለሆንኩ «ለጾም ያልኳቸው ዓሦች ሆዳቸው ተነፍቶ ከላይ ከላይ እየተንሳፈፉብኝ ነው» ብለው ላኩብኝና በጧት ሄድኩ። ጭጋጉ ገና ከውኃው ላይ አልተነሣም። አንዱን ዓሣ ስሰነጥቀው ጥብጣብ የመሰለ ነጭ ትል ተተረተረ። «ይኸማ ኮሶ ነው» አሉና ከቤት በጣባ ሙሉ የኮሶ መድኃኒት ይዘው ወጡ፤ ለካ ጠርጥረው ማታውኑ በጥብጠው አሳድረውት ኖሯል። ኩሬው ውስጥ ሊደፉት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ይቆዩ አያ። ትሉ ከዓሣው ሆድ እንቁላል አይጥልም። ዓሣውን ነፍቶ የሚያንሳፍፈው ሽመላ እንድትበላው ነው። የሚወልደው እሷ ሆድ ከገባ በኋላ ነው። እንቁላሉ ከኩሷ ጋር ውኃው ላይ ይወድቃል፣ ይፈለፈላል፣ ዓይን የማትሞላ የውኃ ፍጥረት ትውጠዋለች፣ እሷን ደግሞ ዓሣው ይውጣታል።»

ከማዶ ግራጫ ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማለች፤ ጭጋጉ ግማሿን ውጧታል። የኩሬዬ በረከት ናት እያሉ ድንጋይ እንዳይወረወርባት የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲያ ሕመምተኛዋ እሷ ናታ» አሉ ቀስ ብለው። ድንጋይ ያነሣሉ ስል ዳሩን ዞረው ሄዱና ጣባውን ከእግሯ ሥር አስቀምጠውላት ተመለሱ። አልበረረችም። አንገቷን ሰብራ ወደ ጣባው ስትመለከት እኔም ፈዝዤ ቀረሁ። አያ አለነ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ና ዞር እንበልላት። ኮሶ ሰው እያየ አይጠጣም።»