ዓይኑን የማይጨፍን ክፍል

ወልዲያ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ የሦስተኛ ክፍል መምህርቷ ዘርፌ በርዕሰ መምህሩ በአቶ ምትኩ ቢሮ ውስጥ ቆማለች፣ እሳቸው መቅጫ ጎማቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

ዘርፌ፦ አልቀመጥም አልኩ እኮ። መጀመሪያ ትናንት ተማሪዬን አንዷለምን ለምን እንደመቱት ይንገሩኝ።

ምትኩ፦ ተኝቶ አገኘሁታ። በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ዘርፌ፦ ሁሉም ጨፍነው ነበር።

ምትኩ፦ እሱ በሩ አጠገብ ነበር።

ዘርፌ፦ ለእጅዎ ስለቀረበ ነዋ የተመታው።

ምትኩ፦ ዘርፌ፣ አነጋገርሽን አስተካክይ። እኔ በምን ልወቅ? መምህሯም ጨፍናለች፣ ክፍሉ ጭጭ ብሏል። ሬሳ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ዘርፌ፦ ትንፋሻቸውን እያዳመጡ ነበር። ሲገባ አፍንጫ ላይ ቀዝቀዝ፣ ሲወጣ ሞቅ ይላል፤ እሱን ልብ እንዲሉ ነው የማስተምራቸው። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ሲሠሩ አይቅበዘበዙም። ውኃ ቧንቧው ላይ ሲጋፉ የነበሩት ተራ መጠበቅ ጀምረው ነበር።

ምትኩ፦ ለመተንፈስም መምህር ተቀጠረ በይኛ። እኛን ማን አስተማረን?

ዘርፌ፦ እኛማ የተማርነው ትንፋሽ መዋጥ ነው፤ ጎማ የያዘ ሰው ሲመጣ።

ምትኩ፦ ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል። እኔም በጎማ ነው ሰው የሆንኩት።

ዘርፌ፦ እሱን ልጆቹ ይፍረዱ። ዛሬ ጨፍኑ ስላቸው ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ? አንዱን ዓይን ጨፍነው በሌላው በሩን ያያሉ። አንዷለም ጭራሽ አልጨፈነም፤ ማጅራቱን በእጁ ሸፍኖ ተቀመጠ።

ምትኩ፦ ልጅ ነው፣ ይረሳዋል።

ዘርፌ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይምጡና ይቅርታ ይጠይቁት።

ምትኩ፦ እዚህ ላኪው፣ አናግረዋለሁ።

ዘርፌ፦ የመቱት በጓደኞቹ ፊት ነው። ይቅርታውም እዚያው ነው።

ምትኩ፦ ከዚያ በኋላ ማን ይፈራኛል?

ዘርፌ፦ ማንም። እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

ምትኩ፦ እምቢ ብልስ?

ዘርፌ፦ ሁለተኛ ጨፍኑ አልላቸውም። ማንም አይነካችሁም ብዬ ካልማልኩላቸው በምን አፌ አዛለሁ? ለምን እንደተውኩትም ለወላጆቻቸው እኔው እነግራለሁ።

ምትኩ፦ ይቅርታ ማለት አልችልበትም፣ ልጄ። አፌ አልለመደውም።

ዘርፌ፦ እንግዲያው ወንበር አመጣልዎታለሁ። ፊታቸው ተቀምጠው እርስዎ ይጨፍኑ፣ እነሱ ይዩዎት።

ምትኩ፦ ጎማውስ?

ዘርፌ፦ አንዷለም ይይዝልዎታል።

ምትኩ፦ ... በሩ ብቻ ከጀርባዬ እንዳይሆን።