ጠመንጃ በውሻ

ሰው በጡጦ ያሳደጋትን ውሻ፣ ሳይቸግረው፣ ለምን አውጥቶ ይሰጣል?

አሮጊቷ ኦርፋ ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ስታብሰለስል መልስ አላገኘችለትም። የልጅ ልጇ ኮይ አደን አዋቂዋን ውሻውን ቤልን ትናንት በገመድ እየሳበ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ባለፈው ሳምንት ጊታሩን ለአጎቱ ልጅ፣ ከዚያ በፊት ካፖርቱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቷል። አሁን ፎቅ ላይ ካለው ክፍሉ ሆኖ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። "እሺ ጌታዬ... አይ፣ ገና ነው ጌታዬ" ይላል፤ ድምፁ ሥራ እንደሚታዘዝ ልጅ ድምፅ ነው።

የኬንታኪ ተራሮች ጭጋግ ወርዶ ግቢውን ውጦታል። ኦርፋ ፖስታ ልታይ ወደ መንገዱ ስትወርድ፣ ጎረቤቷ ሆባርት በመኖ ጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፎ ከጭጋጉ ብቅ አለ።

"እንዴት አረፈዱ እትዬ ኦርፋ! ለኮይ ዕቃውን ላደርስለት ነበር። ነገ የአጋዘን አደን ይከፈት የለ?"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጠመንጃ ነዋ! ቤልን ሰጠኝ፣ እኔም በለውጡ ይኼን እሰጠዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና ውሻዋ ትበልጣለች። ልጁን ሸውጄዋለሁ!" ብሎ ሳቀ።

ኦርፋ ዓይኗን ከጆንያው ላይ አልነቀለችም። ሆኖም እንግዳን መንገድ ላይ ማዋረድ አልሆነላትምና ቤት አስገብታ የበቆሎ ዳቦ ቆረሰችለት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

"ከተማ ያለው ሱቅ ኮይን ጠመንጃ እንደከለከለው አልሰማህም?"

"ሰማሁ እንጂ። ባለሱቁ የማያውቀውን ሰው በስልክ መንግሥትን ጠይቆ ያጣራል፤ ደግ። እኔ ኮይን ምኑን ላጣራው? ወንዝ ወርዶ ሲጠመቅ ዳር ቆሜ ዘምሬለታለሁ።"

"የዘመርክለት ልጅ ባለፈው ጸደይ ዳኛ አዞበት የአእምሮ ሆስፒታል ገብቷል። የከለከሉትም ለዚያ ነው።"

"አዬ እትዬ! ነርቩ ትንሽ ደከመ። የገዛ ልጅዎን እብድ ነው እያሉ ስሙን ያጠፋሉ?"

"እብድ አላልኩም፤ ታሟል ነው ያልኩህ። ስኳርህ ሲወጣ ሚስትህ 'ኬክ እንዳትልኪለት' ያለችኝ ስምህን ልታጠፋ ነው?"

"እሱስ ንጹሕ ግፍ ነበር" አለ ሆባርት፣ ዳቦውን እያላመጠ።

ይህን ጊዜ ከላይ የኮይ ድምፅ ተሰማ። "ጎረቤት መጥቷል ጌታዬ። አዎ፣ ይዞታል።"

ሁለቱም ዝም አሉ። እነሱ ዝም ሲሉ ላይኛውም ዝም አለ፤ ጆሮውን ወለሉ ላይ እንደለጠፈ ሰው።

"ማን አለ አብሮት?" አለ ሆባርት በሹክሹክታ።

"ማንም።"

ሆባርት ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰው። እውቀት አንዳንዴ በመጽሐፍ አይመጣም፤ በጣራ በኩል ይወርዳል። ቢሆንም አዛውንት ቶሎ እጁን አይሰጥም።

"ሰው ይጎዳል ብለው ነው?"

"እሱ? ዝንብ አይነካም። እንደሱ ከታመሙት አብዛኞቹ ሰው እንደማይነኩ ሐኪሙም ነግሮኛል። የምፈራው ለራሱ ነው። ክረምት ሲገባ ካፖርቱን የሚሰጥ ሰው፣ ክረምቱን የት ሊያሳልፍ አስቦ ነው?"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

"የቆረጠ ሰው መንገድ አያጣም ይባላል" አለ ሆባርት፣ ግን ድምፁ ሳስቷል።

"ስንቱ ቆርጦ ሲነጋ ተመልሷል! ክፉ ሰዓት መጥቶ ያልፋል፤ ጠመንጃ ግን እስኪያልፍ አይጠብቅም።"

"መብቱስ? አባቶቻችን..."

"ሲድን ዳኛ ፊት ቆሞ መብቱን ይጠይቃል፤ ሕጉ መንገድ አለው። የሞተ ልጅ ምን ይጠይቃል?"

ሆባርት ጆንያውን ወደ ራሱ ስቦ፣ "እሺ፣ ይኼን አልሰጠውም። ያንንስ እትዬ?" አለና በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ።

ከበሩ በላይ የሟች ባሏ የኤሞሪ ጠመንጃ ተሰቅሏል። በዚያ አገር የሟች ጠመንጃ የልጅ ልጁ ለአደን እስኪያወርደው ድረስ ሴት አትነካውም። ኦርፋም በየቀኑ በሥሩ እያለፈች ልብ ሳትለው ኖራለች። ሱቁ ላይ ኮይን የከለከለው ሕግ እዚህ ቤት አልደረሰም። ወንበር ጎትታ ወጣችና አወረደችው።

"ሁለቱም እኔ ቤት ብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፉ" አለ ሆባርት። "ከእንግዲህ ለወንድሜም ቢሆን በሱቁ በኩል ሳይጣራ አልለውጥም። ማጣራት ጠላት የሚለዩበት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ወዳጅ የሚያተርፉበት ነው። ቤልንም አመጣታለሁ፤ ልጁ ታክሞ እስኪድን ብቻውን አይቀመጥ።"

ደረጃው ሲጢጥ አለ። ኮይ በሸሚዝ ብቻ ወረደ። በሩ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ትክ ብሎ አየ።

"አያቴ ሁልጊዜ ከሱ ሥር ነበር የሚቆመው" አለ። "አሁን የት ይቁም?"

 ኮይ እጁን ኪሱ ከትቶ አንድ እፍኝ ጥይት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

"አያቴ ደብቃቸው ብሎኝ ነበር። ጋሽ ሆባርት፣ ይውሰዷቸው። ደክሞኛል።"

ኦርፋ ሹራቧን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣለችለት። "አሁኑኑ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን፤ እኔም አብሬህ አለሁ።"

"እሺ፣ እማማ" አለ፤ የአሁኑ እሺታው ለእሷ ነበር።

ሆባርት ጥይቶቹን አንድ በአንድ ለቀመ፤ ሁለቱን ጠመንጃዎች ታቀፈ፤ ወጥቶ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።