በፋሲካ ቀን የተቀጠረ ምርመራ

በማግስተ ፋሲካ ከሮም ኤስኲሊኖ ሰፈር በተሳፈርኩበት ትራም፣ ከኋላዬ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ገና መተዋወቃቸው ነበር።

«ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«አገር ቤት አዲስ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እየተሞከረ ነው። የላቦራቶሪውን ቀጠሮ ከዚህ ሆኜ የማወጣው እኔ ነኝ።»

«እሰይ! ቀናሽ?»

«ትናንት ለትንሽ ተረፍኩ እንጂ። የጣሊያኖቹ ፋሲካ ስላለፈ የኛን ረስቼ፣ የአንዲት አራስ አክታ የሚታይበትን ቀን ለትናንት ቀጥሬው ነበር።»

«በፋሲካ? አንቺ ሀበሻ አይደለሽም እንዴ!»

«ይሳቁብኝ፣ እሺ። ቀኑ ካለፈ ናሙናው ይጣላል፤ እንደ አዲስ ሲጀመር ሳምንታት ይፈጃል። ሴትዮዋ ደግሞ ነጻ ነሽ እስክትባል ልጇን አታቅፍም።»

«ውይ! ታዲያ ማን አየው?»

«የላቦራቶሪው ሠራተኛ። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቀው፣ ‹ዶሮው ይቆየኛል› ብሎ ከማዕድ ተነስቶ ሄደ።»

«ይባረክ! ውጤቱስ?»

«ነጻ ናት። ዛሬ ጠዋት ልጇን ሰጧት።»

«ተመስገን! አሎራ፣ እንግዲያው የቤተ ክርስቲያናችንን ካላንደር አመጣልሻለሁ። አንቺ አትታመኚም።»

«ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ፣ እማማ።»

ዞር ሳልል፣ እጄን ከነጠላዬ ሥር አድርጌ አማተብኩ።