የሁለተኛው ረድፍ ፎቶ

(ረፋድ ላይ፣ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ የዲን ቢሮ። ዲኑ መኳንንት፣ በልጅነቱ ያስተማሩትንና አሁን የኮሌጁን ላይብረሪ የሚጠብቁትን ወይዘሮ የሺወርቅን አስጠርቷቸዋል። ከመንግሥት የመጡ ተቆጣጣሪዎች አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።)

የሺወርቅ፦ አዳራሹ አልገባም አልኩህ እኮ መኳንንት! ላይብረሪውን ክፍቱን ትቼ ነው የመጣሁት።

መኳንንት፦ ቲቸር፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ። የትምህርት ጥራት ኃላፊዋ ትጠራልን አሉ።

የሺወርቅ፦ ታዲያ ጥራላቸዋ! እኔ ምን ቤት ነኝ?

መኳንንት፦ ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት።

የሺወርቅ፦ ከመቼ ጀምሮ?

መኳንንት፦ ከካቻምና ጥቅምት።

የሺወርቅ፦ እሰይ! ሹመቴን ሳልሰማ ሁለት ዓመት! ማን ሾመኝ በል?

መኳንንት፦ ግድግዳው ላይ ይዩት፣ የመዋቅሩ ሰንጠረዥ ላይ። ሁለተኛው ረድፍ፣ በስተቀኝ።

የሺወርቅ፦ እስቲ መነጽሬን ላድርግ። ከላይ የቦርድ ሰብሳቢ፣ አቶ ደምሰው። አጠገባቸው ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሮ ፀዳለ፣ ሚስታቸው። አስተዳደር፣ ያው የሚስታቸው ወንድም። ለመሆኑ ይሄ ቦርድ የት ነው የሚሰበሰበው?

መኳንንት፦ ምሳ ላይ።

የሺወርቅ፦ ቀጥሎ ዲን፣ አንተ። ከጎንህ... ውይ! ፎቶዬ! ይሄን እኮ ለመታወቂያ ብለህ ነው የተቀበልከኝ።

መኳንንት፦ ለቦታው ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ይፈለግ ነበር። የኮሌጁ ፈቃድ ሊታደስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰው ጠፋ። የእርስዎ ማስረጃ ደግሞ ፋይልዎ ውስጥ ነበር።

የሺወርቅ፦ በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ ማታ ማታ እያንቀላፋሁ ያመጣሁት ዲግሪ! ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

መኳንንት፦ እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

የሺወርቅ፦ እሱስ እል ነበር። ቆይ፣ ኃላፊ ከሆንኩ ሪፖርት ጽፌያለሁ ማለት ነው። ማን ጻፈልኝ?

መኳንንት፦ እኔ።

የሺወርቅ፦ ማንስ ፈረመልኝ?

መኳንንት፦ ቲቸር...

የሺወርቅ፦ ማን ፈረመ?

መኳንንት፦ እኔ። ደብተሬ ላይ ሲፈርሙ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፣ እጄን አልከበደውም። አፈርኩ ቲቸር። ያን ቀን ቤት ገብቼ እራት አልበላሁም።

የሺወርቅ፦ በማግስቱስ?

መኳንንት፦ በማግስቱ በላሁ።

የሺወርቅ፦ ምን ብዬ ነው የፈረምኩት?

መኳንንት፦ የአዋላጅ ነርስ ተማሪዎች ሆስፒታል ገብተው ስድስት ሳምንት ተለማምደዋል፣ እያንዳንዳቸው ሃያ እናት አዋልደዋል ብለው።

የሺወርቅ፦ ስንት አዋለዱ?

መኳንንት፦ አንድም። ከሆስፒታሉ ጋር የምንፈራረመው ውል ዘገየ፣ አቶ ደምሰው ደግሞ ምረቃው አይዘገይም አሉ። ለማን አቤት ልበል? ለፕሬዚዳንቷ? እቤት ገብታ ለባሏ ነው የምትነግረው። ለቦርዱ? ቦርዱ እሳቸው ናቸው።

የሺወርቅ፦ ልጆቹ ስድስቱንም ሳምንት እኔ ዘንድ ነበሩ። የመግቢያ መዝገቡ ላይ በየቀኑ እየፈረሙ ነው ላይብረሪ የገቡት። አንድ ቀን፣ «እናንተ ሆስፒታል አልነበራችሁም እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጡረታ የወጣሁ ሴትዮ ምን አገባኝ አልኩ።

መኳንንት፦ እርስዎማ ምን አጠፉ?

የሺወርቅ፦ ዝም አልኩ፣ ሌላ ምን ላጥፋ? ትርንጎን ታስታውሳታለህ?

መኳንንት፦ አምና ሜዳሊያ ያጠለቅኩላት?

የሺወርቅ፦ እሷ። ባለፈው ሳምንት መጥታ ነበር። ገጠር ጤና ጣቢያ ተመድባ፣ ብቻዋን ተረኛ በሆነችበት ቀን ምጥ የያዛት ሴት መጣችባት። የሕፃኑ እግር ቀድሞ ወጣ። ትርንጎ እጇ ተሳሰረ። የመንደር አዋላጅ ተሯሩጠው ጠርተው ነው እናትየዋ የተረፈችው።

መኳንንት፦ ሕፃኑስ?

የሺወርቅ፦ ሕፃኑ አልተረፈም። ትርንጎ እኔ ጋ መጽሐፉን ገልጣ፣ «እትዬ፣ ገጹን በቃሌ እኮ አውቀዋለሁ» እያለች አለቀሰች።

መኳንንት፦ እኔ ነኝ። ያንን ሕፃን እኔ ነኝ የበላሁት።

የሺወርቅ፦ ብቻህን አይደለህም። በል ተነስ፣ መዝገቤን ላምጣና እገባለሁ።

መኳንንት፦ ኃላፊ ሆነው?

የሺወርቅ፦ ሾማችሁኝ የለ? ልጆቹ ስድስቱን ሳምንት የት እንደነበሩ ገልጬ አሳያቸዋለሁ። አይቼ ዝም ማለቴንም እነግራቸዋለሁ።

መኳንንት፦ ኮሌጁን ይዘጉታል እኮ! ሁለት መቶ ተማሪ አለን።

የሺወርቅ፦ ሁለት መቶ ትርንጎ ከምናወጣ ይዝጉት።

መኳንንት፦ እሺ፣ ሪፖርቱን ዘርግተው «ይሄ ፊርማ የእርስዎ ነው?» ቢሉዎትስ?

የሺወርቅ፦ የእኔ አይደለም እላለሁ። የማን እንደሆነ ግን ከእኔ አይሰሙም፤ አጠገቤ ወንበር ይዤልህ እጠብቅሃለሁ፣ መጥተህ አንተው ትነግራቸዋለህ።