የሙሽራዋ ወይባ

ከሻርጃ ወደ ዱባይ በሚሄደው አውቶቡስ ሁለት አበሾች ከኋላዬ ያወራሉ።

«እህቴ እሁድ ታገባ የለ? ዛሬ ወይባ ሠራሁላት» አለች ወጣቷ።

«የት? ፍላት ውስጥ?» አለች ትልቋ።

«መታጠቢያ ቤት። እንጨቱን በብረት ባልዲ አነደድኩ፣ መቀመጫው የተበሳ ወንበር አናቱ ላይ አደረግኩ፣ በብርድ ልብስ ሸፈንኳት፣ ኸላስ።»

«ጭሱን ዘበኛው ቢያይስ?»

«በሩን ዙሪያውን ከውጭ በፕላስተር አሸግኩት። ስትጨርስ ገፍታ ትወጣለች።»

«መስኮትስ?»

«የለውም።»

«አንቺ! ልታጥኚያት ነው ወይስ ልታፍኚያት? ማን አለ አብሯት?»

«ማንም። ሹግል መግቢያዬ፣ የሥራ ሰዓቴ ረፈደብኝ። ስልኳ ግን አጠገቧ ነው።»

«ያላ፣ ደውይላት!»

ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ።

«ወይባ እንቅልፍ ያመጣል እኮ» አለችና እንደገና ደወለች።

አውቶቡሱ የእኔ መውረጃ ላይ ቆሞ በሩ ተከፈተ፤ እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም።